ራሁ በቶሮንቶ ስንት ሰዓት ላይ ይገባል

ራጄስዋሪን፣ ባጭሩ ራጂን፣ መጀመሪያ ያነጋገርኳት መቀስ ይዛ ዝም ብላ ተቀምጣ ሳለች ነው። ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር በምኖርበት ሕንፃ በሯ ከበሬ ፊት ለፊት ነበር። ልብስ ሰፊ መሆኗን ሰምቼ የልጄን ቀሚስ ላሳጥር ይዤ ሄድኩ። ተቀብላ ለካች፣ በጠመኔ አሰመረች፣ መቀሱን አነሳች፤ ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት አየችና ቁጭ አለች።

«ምነው፣ ጨርቁ አስቸገረሽ?» አልኳት።

«ራሁ እስኪወጣ ነው።»

እንግዳ ያለ መስሎኝ ወደ መኝታ ቤቱ በር ዞርኩ። በጣም ሳቀች።

የምንግባባው ሁለታችንም ፋብሪካ ውስጥ በለቀምነው እንግሊዝኛ ነው። በዚያ እንግሊዝኛ፣ በእጅም በፊትም እየታገዘች ነገረችኝ። በእነሱ እምነት አንድ ጋኔን ተደብቆ የአማልክቱን የሕይወት መጠጥ ሲጠጣ ፀሐይና ጨረቃ አይተው አሳበቁበት። አንገቱ ተቆረጠ። መጠጡ ግን ጉሮሮው ደርሶ ነበርና ጭንቅላቱ ሳይሞት ቀረ። ያ ጭንቅላት ራሁ ነው። ቂሙን ስላልረሳ አንዳንዴ ፀሐይን ወይም ጨረቃን ይውጣል፤ ሆድ ስለሌለው በአንገቱ በኩል ተመልሰው ይወጣሉ። ግርዶሽ እሱ ነው። ከዚያ ሌላ በየቀኑ የራሱ ድርሻ አለው። ቀኑ ስምንት ቦታ ይከፈልና አንዱ ክፍል ለራሁ ይሰጣል። ሰኞ ሁለተኛው፣ ቅዳሜ ሦስተኛው፣ ዓርብ አራተኛው፤ እንዲህ ቦታ ይለዋውጣል። በዚያ ሰዓት አዲስ ነገር አይጀመርም፤ የተጀመረውን መቀጠል ግን ይቻላል።

«ስለዚህ አልቆርጥም፤ የተቆረጠውን እሰፋለሁ» አለችና የሌላ ሰው ሱሪ አንስታ መዘምዘም ጀመረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «አካ» ስላት ኖርኩ። በታሚልኛ ታላቅ እህት ማለት ነው። እሷ «ታንጋቺ» ትለኛለች፣ ታናሽ እህት። በዕድሜ የምትበልጠኝ በጥቂት ዓመት ነው፤ ማዕረጉን ግን እሷ ደለደለችው፣ እኔም ሳልከራከር ተቀበልኩ።

የመጣችው ከስሪላንካ ሰሜን፣ ያፍና ከሚባል ከተማ ነው። ጦርነቱ ሲብስ ከባሏ ከናዳራጃና ከትንሹ ልጇ ከካጃን ጋር ወጣች። መጀመሪያ ሬክስዴል ፋብሪካ ውስጥ የሆቴል መጋረጃ ሰፋች፤ ኋላ ወገቧ እምቢ ሲላት የስፌት መኪናዋን ቤቷ አደረገች። ከማቀዝቀዣው አጠገብ ወንድሟ በየዓመቱ ከያፍና የሚልክላት፣ በየቀኑ አንድ ቅጠል የሚቀደድ ካሌንደር ተሰቅሏል። ቅጠሉ ላይ የእኛ ካሌንደር ላይ የሌለ ብዙ ነገር አለ፤ የጨረቃዋ ቀን፣ ጨረቃዋ ያረፈችበት ኮከብ፣ ደጉ ሰዓት፣ ክፉው ሰዓት።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ነገር ሲገባኝ ግን ደስ ይለኛል። ያ ቅጠል ሥራ ሆነብኝ፤ አነባበቡን እሷ አሳየችኝ። ከሥራ መልስ ሻይ ልጠጣ ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። አንድ ሰሞን ሰኞ አምስተኛው የጨረቃ ቀን ነበር፤ ማክሰኞ ብመጣ ሰባተኛው ሆኗል።

«አካ፣ ስድስተኛው የት ገባ? ሁለት ቅጠል ቀደድሽ እንዴ?»

«አልቀደድኩም። ፀሐይ ስትወጣ አልነበረም።»

ነገሩ ይህ ነው። የጨረቃ ቀን እንደኛ ቀን ጠዋት ተነሥቶ ማታ አይተኛም። ጨረቃ ከፀሐይ የተወሰነ ያህል ስትርቅ አንድ ቀን ሞላ ይባላል፤ እኩለ ቀን ላይም ይሁን እኩለ ሌሊት፣ የሞላ ጊዜ ይሞላል። የዕለቱ ስም የሚሆነው ፀሐይ ስትወጣ የተገኘው ነው። ያ ስድስተኛ ቀን ሰኞ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ገብቶ ማክሰኞ ሳትወጣ ስላለቀ ስም ሳያገኝ ቀረ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዱ ቀን ተንዛዝቶ ሁለት ፀሐይ ያይና ሁለቴ ይጠራል።

«የአምላክሽ የሙሩጋን ጾምስ? ስድስተኛውን አይደል የምትጾሚው?»

«ጾሙማ አይቀርም። ስም ባይኖረው ቀኑ ነበረ» አለች። «ጨረቃ እንደኛ የሥራ መግቢያ ካርድ አትመታም፣ ታንጋቺ። ሲላት ትፈጥናለች፣ ሲላት ትዘገያለች።»

እኔም ስለ ጳጉሜን ነገርኳት፤ አሥራ ሁለቱ ወሮች ሠላሳ ሠላሳቸውን ከወሰዱ በኋላ የተረፈችውን ቁራጭ በዓመቱ ጫፍ እንደምንቀጥላት። ወደደችው። በጨረቃ ወር የሚቆጥሩት ሕንዶች ትርፉን ጥቂት ዓመት አጠራቅመው አንድ ሙሉ ወር ይጨምራሉ አለችኝ፤ በዚያ በትርፍ ወር ማንም አይዳርም፣ ቤት አይመርቅም። «እናንተ እንደ ጥለት ዳር ላይ ትሰፋላችሁ፤ እነሱ መሀል ላይ ይጥፋሉ» አለች።

እንዲህ ስንኖር ባለፈው ዓመት ካጃን ከቶሮንቶ ወጣ ብላ ባለችው ኤጃክስ ቤት ገዛ። አድጎ፣ ዳርሺኒ የምትባል ሳቂታ ልጅ አግብቶ፣ ሦስቱም በዚያው አፓርትመንት ይኖሩ ነበር። የቤቱ ቁልፍ ግንቦት መጨረሻ፣ ሐሙስ ማታ ይሰጣቸዋል ተባለ። የቤተ መቅደሳቸው ቄስ ደግሞ ዓርብን መረጡ፤ ጨረቃ እየሞላች ነው፣ ጥሩው ኮከብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ይገባል። ከዚያ ዓርብ ካለፈ ቀጥሎ የሚመጡት ሁለት ወሮች ቤት የማይገባባቸው ናቸውና እስከ ነሐሴ አጋማሽ መጠበቅ ነው። አፓርትመንቱ ደግሞ ሰኔን አይዘልም፤ የመልቀቂያው ማስታወቂያ ተሰጥቷል።

ጭንቁ የመጣው ከኤሌቬተሩ ነው። ዕቃ የሚያወጣ ሰው ኤሌቬተር ቡክ ማድረግ አለበት። ይህን የሚሰጠው የሕንፃው ሱፐር፣ ማለት ተቆጣጣሪው፣ የአገራችን ሰው ጋሽ አምሃ ነው። ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት፣ ወይም ከሰባት እስከ አሥር። የፈረመው ተከራይ፣ ማለት ካጃን፣ ዕቃው እስኪያልቅ ከዚያ መነቃነቅ አይችልም። አዲስ ቤት ደግሞ ባልና ሚስት መብራት ይዘው አብረው ነው የሚገቡት። የዓርብ ራሁ ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ነው፤ ይህን ራጂ በልጅነቷ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃሏ የያዘችው ነው፣ ቅጠሉም ላይ ተጽፏል። በሦስት ሰዓት መጫን ጀምሮ በአራት ተኩል ኤጃክስ መድረስ አይቻልም። ከስድስት በኋላ ያለውን ደግሞ ሌላ ክፉ ሰዓት ይዞታል።

ጋሽ አምሃ ሎቢ ላይ አስቆመኝ።

«ሥርጉት፣ ያቺ ጎረቤትሽ ጠዋቱን አልፈልግም አለች። ከሰዓቱንም አልፈልግም አለች። ምን ላድርጋት፣ በመስኮት ላውርዳት?»

«ሰዓቱ ክፉ ሆኖባት ነው።»

«ሰዓት ደግሞ ክፉ አለው? እሱ ባትሪ ነው። አንቺም ካናዳ ኖረሽ ይሄን ታምኛለሽ?»

«ጋሽ አምሃ፣ ልጅዎን በግንቦት ይድራሉ?»

ቁልፎቹን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እሱ ሌላ ነው» አለ።

«ምኑ ነው ሌላው?»

«ግንቦት ነዋ።»

ቤቷ ስገባ ካጃን ቆሞ ከእናቱ ጋር ይነጋገራል። «አማ፣ ዕቃ የሚያጓጉዙትን ሙቨሮች ቡክ አድርጌያለሁ። አንድ ቀን ነው ኦፍ ያገኘሁት። ፕሊስ።»

«ሂዱ። እኔ እዚሁ እቀራለሁ።»

«ብቻሽን? በምን ሬንት?»

«እሰፋለሁ።»

ካጃን እኔን አየኝ፣ የማስታርቀው መስሎት። ከዚያ ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። ዳርሺኒም ተከተለችው።

ሻይ አፈላሁላት። ይህን ያህል ለምን እንደጨከነች አልገባኝም ነበር፤ ሆደ ሰፊ ሰው ናት፣ ለልጇ የምትከለክለው ነገር የላትም። ጠየቅኳት። ወደዚህ አፓርትመንት የገቡ ለት ጥር ነበር፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት አለፍ ብሎ። የሰኞ ራሁ ከአንድ ተኩል እስከ ሦስት ነው። ሎቢ ላይ እንጠብቅ ብትለው ናዳራጃ፣ ልጁ በብርድ ሊሞት ነው ብሎ ቁልፉን አስገባ። በተከታዩ መስከረም ሐኪም ቤት ተኝቶ ልቡ ቀጥ አለ።

«ሐኪም ቤት ሆኖ እንኳን ነገርኩት» አለች። «አንተ ነህ ያስገባኸን አልኩት። አሁን ልጄን በራሁ አላስገባም። እኔ ብቀር ይሻላል።»

 ቤቴ ገባሁ።

በማግሥቱ የጠዋት ሽፍት ነበረኝ። አውቶቡስ ስጠብቅ በዶን ሸለቆ በኩል ፀሐይ ወጥታ ዓይኔን መታችኝ። ሰዓቴን ሳይ ገና አሥራ ሁለት አልሆነም። እዚህ አገር ብዙ ክረምትና በጋ አሳልፌአለሁ፣ አዲስ ነገር አይደለም። የዚያን ቀን ግን አውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። የእኛ ሰዓት የሚቆጠረው ፀሐይ በአሥራ ሁለት ሰዓት ትወጣለች ተብሎ ነው። አገራችን ውስጥ ዓመቱን ሙሉ እዚያው አካባቢ ናት፣ አታታልልም። እዚህ ግን ሰኔ ላይ ቀድማ ትመጣለች፣ ታኅሣሥ ላይ ሰው ሥራ ከገባ በኋላ ትነሣለች። የራጂ ወረቀትስ?

ማታ እንደ ገባሁ ጠየቅኳት። «አካ፣ ቀኑ ስምንት ቦታ የሚከፈለው ከየት እስከ የት ነው?»

«ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ። ነግሬሻለሁ እኮ።»

«ዛሬ ፀሐይ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ወጥታለች። ማታም እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ አለች። ያንቺ ወረቀት ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሁለት ነው የሚከፍለው። ትርፉ የማን ነው?»

 ካሌንደሩን አየች፣ መስኮቱን አየች። ስልኬ ላይ ካርታ አወጣሁ። ያፍናና አዲስ አበባ ከምድር ወገብ እኩል ሊባል በሚችል ርቀት ላይ ናቸው፤ ፀሐይዋ አንድ ዓይነት ናት። ለዚያ ነው ለሁለታችንም ነገሩ ሳይታየን የኖረው። ቶሮንቶ ግን ከሁለቱም እጅግ ወደ ላይ ነው።

ራጂ ተነሥታ ከሳጥኗ ቀይ ጥብጣብ አወጣች። ለአንድ ሰዓት አንድ ኢንች አድርጋ የዚያን ሰሞን ቀን ለክታ ቆረጠች። ረጅም ነበር። ከዚያ ሁለት አጠፈችው፣ እንደገና ሁለት፣ እንደገና ሁለት። ስምንት ሆነ። እያንዳንዱን መታጠፊያ በጠመኔ ነካ አድርጋ ዘረጋችው። አራተኛው ክፍል፣ የዓርብ ራሁ፣ የሚጀምረው ከአምስት ሰዓት ከሃያ ገደማ ላይ ሆነ።

«እሰይ» አልኩ። «ትደርሳላችሁ።»

አልተደሰተችም። ጥብጣቡ የሚያልቅበትን እያየች «እዚህ አገር ራሁም ረጅም ነው» አለች። የራሁ ድርሻ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ከዚያ ደክሞኛል ብላ ሸኘችኝ።

በማግሥቱ በሯን ሳንኳኳ አልከፈተችም። በሦስተኛው ቀን ዳርሺኒ ናት ያስገባችኝ። ራጂ መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች፤ ምንም አትሰፋም። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ጥብጣብ አለ፣ አጭር፣ እሱም ስምንት ቦታ የተመለከተ።

«የጥር ቀን ነው» አለችኝ። «ጥር ላይ ፀሐይ የምትወጣው ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። የሰኞ ራሁ ሁለተኛው ክፍል ነው። ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው የሚገባው። እኛ ስንገባ ራሁ አልነበረም።»

ዳርሺኒ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባትም፤ እኔ ገባኝ። ተቀመጥኩ።

«ሰውየውን በከንቱ ወቀስኩት፣ ታንጋቺ። የልጄን የሥራ ቀን፣ የሠርጉን ሰዓት፣ ሁሉንም በዚህ መረጥኩ። ደግ ያልኩት ክፉ ይሁን፣ ክፉ ያልኩት ደግ ይሁን አላውቅም። አሁን በየትኛው ልሂድ?»

ዳርሺኒ የባሏ እናት ስታለቅስ አይታ አታውቅም መሰለኝ፤ ደንግጣ እጇን ያዘቻት። ነገሩን ከእኔ ሰማችና ወዲያው ለቄሱ ደወለች። ስፒከር ላይ አደረገችው። ቄሱ በታሚልኛ ብዙ ተናገሩ፣ ራጂ ጥቂት መለሰች። ዳርሺኒ ተረጎመችልኝ፤ ቤተ መቅደሱ ለቶሮንቶ ፀሐይ የተሰላ የራሱ ሰንጠረዥ አለው፣ ዓመት ዓመት ያወጣል፣ በነጻ ነው የሚሰጠው።

«ለምን አልነገሩኝም አለቻቸው» አለች ዳርሺኒ። «አልጠየቁኝም አሏት።»

«የድሮውንስ ምን አሏት?»

«የድሮውን በድሮው ልብ ነው ያደረጋችሁት፤ የዘንድሮውን በዘንድሮው ፀሐይ አድርጉ አሉ።»

ራጂ ይህ ያጽናናት አይመስለኝም። ግን ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፣ የጀመረችውን ሸሚዝ ጨረሰች። ስወጣ «ለአምሃ ጠዋቱን እወስዳለሁ በይልኝ» አለችኝ።

ነገርኩት። ጋሽ አምሃ «ኤሌቬተሩን ጠዋት ለመጥረግ ሁለት ተኩል ላይ እከፍተዋለሁ» አለ። «ሰው በመጥረጊያ ሰዓት ዕቃ ቢያስገባ እኔ አላየሁም።»

ዓርብ ዕረፍት ወስጄ አብሬ ሄድኩ፤ የአማልክቱን ሥዕል የሚይዝ ሰው ተፈልጎ ነበር። ዕቃው በአራት ሰዓት ከሩብ ተጭኖ አለቀ። ሁላችንም በካጃን መኪና ተሳፈርን፤ ዳርሺኒ መብራቱን፣ ራጂ ሩዝና ጨው፣ እኔ ሥዕሉን ይዘን። አራት መቶ አንድ አውራ ጎዳና ላይ ስንደርስ ሁሉም ነገር ቆመ። ወደፊት የሆነ ቦታ መኪና ተጋጭቷል። ካጃን ሰዓቱን አያይም፣ እናቱን ነው በመስተዋት የሚያየው። እሷ መስኮቱን ታያለች።

ቤቱ ደጃፍ ስንቆም አምስት ሰዓት ተኩል ነበር።

«አማ፣ አሥር ደቂቃ ነው ያለፈው» አለ።

«እናንተ እንደፈለጋችሁ» አለችው። ጣቶቿ ግን የሩዙን ከረጢት ጨምድደው ይዘውታል።

ካጃን ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ወርዶ የጋራዡን በር ከፈተና በጭነት መኪና የተከተሉንን ሙቨሮች፣ ሁሉንም እዚህ አራግፉ አላቸው። አንዱ፣ ቤቱ ውስጥ ማስገባት ተከፍሎናል አለው። «ጋራዥ ቤት አይደለም» አለ ካጃን፣ እንደ ሕግ አዋቂ ኮስተር ብሎ። ዳርሺኒ ሳቋን በሻርፏ ሸፈነች።

ሳሩ ላይ አንሶላ ዘርግተን ተቀመጥን። ራሁ የሚወጣው ትክክለኛው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ አራቱ ክፍል አልቀው አራቱ ሲቀሩ። እኩለ ቀኑ ራሱ ደግሞ ደግ ሰዓት ነው አለች ራጂ፤ የቀኑ እንብርት ስለሆነ የሌላውን ሰዓት ጉድለት ይሸፍናል። በሰዓት ግን እዚህ አገር በጋ ላይ ከሰባት አልፎ ነው የሚውለው። እኔም ቄሶቻችን ጾም ለመፍታት ጥላቸውን በእግር ይለኩ እንደነበር ነገርኳቸው። ካጃን ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ከጋራዡ የመጋረጃ ዘንግ አመጣና ሳሩ ላይ ተከለው።

የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አደረገ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ጠጠር። ጥላው እያጠረ ሲመጣ ሰውዬው እንደ ልጅ በጉልበቱ ተንበረከከ። «ያፍና ላይስ እንዲህ ነው?» አላት።

«ያፍና ላይ ጥላ እግርህ ሥር ይገባል። ትረግጠዋለህ።»

«ራሁ የሰኞው ለምን ሁለተኛው ላይ ሆነ? ለምን አንደኛው ላይ ማንም ቀን የለም?»

«ፀሐይ ስትወጣ ራሁም ይፈራታል» አለች። ቀጥላም፣ «አባትህም ይህን ይጠይቀኝ ነበር። አልመልስለትም ነበር» አለች።

ካጃን ጠጠሮቹን ትቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ስለ አባቱ ጠየቃት፤ በታሚልኛ ስለሆነ አልሰማሁም፣ መስማትም አልነበረብኝም። ብዙ ተናገረች። ጥብጣቦቹን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችው፣ ረጅሙንም አጭሩንም። አጭሩን ተቀብሎ ጣቱ ላይ ጠቅልሎ ያዘው።

ዳርሺኒ ናት ያየችው። «ማጠር አቆመ» አለች።

ሁላችንም ተነሣን። ባልና ሚስት መብራቱን ለኮሱ፣ ቀኝ እግራቸውን አስቀድመው ገቡ። ራጂ ከበሩ ውጭ ቆመች። በባህላቸው ባሏ የሞተባት ሴት ፊት አትቀድምም፤ ግን አሁን ገብተው አልቀው ነበር፣ እሷም አልተነቃነቀችም። ካጃን ተመልሶ መጣ።

«አማ፣ ሰዓቱ ደግ ነው?»

«አላውቅም» አለች። «ደግ ይመስለኛል።»

እጁን ዘረጋላት። ከእሱ ጋር ገባች፣ የትኛውን እግሯን እንዳስቀደመች ሳታይ። እኔ ሥዕሉን እንዳቀፍኩ ደጁ ላይ ቀረሁ፣ ከወጥ ቤቱ «ታንጋቺ፣ ግቢ እንጂ» ብላ እስክትጠራኝ።

አዲሱ ምድጃ መስታወት ነበር። ወተቱ በአዲስ ድስት ተጥዷል፤ ገንፍሎ መፍሰስ አለበት፣ ያ ነው ምርቃቱ። ዳርሺኒ ጨርቅ ይዛ ተዘጋጅታለች። ወተቱ ሲነሣ ራጂ እጇን ይዛ «ተይው» አለቻት፤ ወተቱም በመስታወቱ ላይ በየአቅጣጫው ፈሰሰ፣ ተቃጠለ፣ ሸተተ፣ ማንም አልጠረገውም።